ኳስን ሩቅ የሚያስኬደው

በ2014 ዓ.ም. ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ ኳስ ማለት በእግር የሚለጋ ነገር ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ብርቱካን የምታክል፣ በቀይ ክር የተሰፋች፣ በዱላ የምትመታ ኳስ በዓለም ላይ መኖሯን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም አላምነውም ነበር።

አሁን ሱቄን ዘግቻለሁ። ጣቶቼ ወስፌ መያዝ እምቢ አሉኝ። ለሰው የማይሆን ስፌት ሰፍቶ ከመስጠት መቀመጥ ይሻላል። ልጄ «አባዬ፣ ቤት ተቀምጠህ ከምትነጫነጭ ጻፈው» አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሀ ሁ እስክጨርስ አስተማሪዬን አስመርሬዋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ያልጣመው ይተወው።

ሥራ የጀመርኩት መርካቶ አጠገብ ኮርቻ የሚሠሩ ሰው ዘንድ ነው። ጋሽ በላቸው ይባላሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ጣታቸው ወፍራም ነበር። መርፌ ከያዙ አያወሩም። ደንበኛ ገብቶ «እንዴት አደሩ» ሲላቸው በቅንድባቸው ነው የሚመልሱት። የማያውቃቸው ተቀይሞ ይወጣል፤ የሚያውቃቸው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ቆዳ ነክረው ለመስፋት ሲያወጡት ጉንጫቸው ላይ ይለጥፉታል። «ጉንጬን ካበረደኝ ገና ውኃ አለበት። ምንም ካልተሰማኝ አልፎበታል። እንደ ሕፃን መዳፍ ሲሆን ነው የሚሰፋው፤ ከዚያ እየደረቀ ሲሄድ ራሱን በራሱ ያጠብቃል» ይሉኝ ነበር። ክር ሲስቡ ደግሞ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ስፌቱ ቦታውን ካልያዘ አይተነፍሱም። እኔ እየተነፈስኩ ስስብ ካዩኝ በወስፌው እጀታ ጉልበቴን ኳ ያደርጉኛል። «ትንፋሽህ ሲወጣ ጉልበትህም አብሮ ይወጣል። ጉልበትህ መቅረት ያለበት ስፌቱ ውስጥ ነው!»

አንድ ነገር ደግሞ ነበራቸው። የኮርቻው ባለቤት በር ላይ ቆሞ ቢቸኩል፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቅቤ ሳይቀቡ አያስረክቡም። በመዳፋቸው እያሹ ቆዳው እስኪጠግብ ያጠጡታል። «ቅቤ ያልጠጣ ቆዳ ይሰነጠቃል። ጋላቢውም ይረግምሃል፣ በቅሎዋም ትረግምሃለች» ይላሉ። ይህ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ። ቆይቶ ምን እንዳመጣብኝ እነግራችኋለሁ።

ፈረሱና በቅሎው ከከተማው እየራቀ ሲሄድ ጋሽ በላቸውም አረጁ። እኔም ጫማ ፋብሪካ ገባሁ። የወታደር ቦት ነበር የምንሰፋው። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሥራን የሚለካው በጆሮው ነው። ማሽኖቹ ከጮኹ ሥራ አለ፣ ዝም ካሉ ስንፍና አለ። አንድ ቀን ማሽኔን አቁሜ የላላ ስፌት በእጄ ሳጠብቅ ደረሰብኝ።

«ተሰማ፣ ምን ዝም አሰኘህ?»

«ስፌቱ ላልቷል።»

«ወታደሩ ስፌቱን አይሰማውም፤ እኔ ግን ዝምታህን እሰማለሁ» አለኝ።

ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ቢሆንም ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ነው። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ እኔም ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩና ቦሌ ሚካኤል አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈትኩ። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ የተቀደደ ሻንጣ አይጠፋም። ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ዚፑ የተገነጠለ ሻንጣ ይዘው እየሮጡ ይመጣሉ፤ «ጋሼ፣ በረራዬ ዛሬ ነው!» ይላሉ። የሁሉም በረራ ዛሬ ነው። የልጆች የእግር ኳስ እሰፋለሁ፣ ቦርሳ እሰፋለሁ፣ ቀበቶ እበሳለሁ። በዚሁ የማረጅ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ በዚያ በ2014 ዓ.ም. ሳምራዊት የምትባል ልጅ መጣች። ገርጂ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የስፖርት መምህርት ናት። ከቦርሳዋ አንዲት ጎኗ የተተረተረ ኳስ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቺን መስፋት ይችላሉ?»

«ምንድን ናት?»

«ኳስ ናት። ቤዝቦል ይባላል ጨዋታው። በዱላ ነው የምትመታው።»

«ገና ነው በይኛ።»

«ገናን ይመስላል። ግን ኳሷ በአየር ላይ እያለች ነው የምትመታው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። አጥር አሻግሮ ከመታት ሆም ራን ይባላል፤ ሜዳውን እንደ ፈለገ ዞሮ ይገባል፤ ማንም አይነካውም።»

«አጥር ለማሻገር ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? በእጁ አይወረውርም?»

ሳቀችና ችግሯን ነገረችኝ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚሰበሰቡ ወጣቶች አሏት። ዱላ አላቸው፤ እንጨት ሠሪ ይሠራላቸዋል። ኳስ ግን በከተማው ውስጥ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። አንድ እንግዳ አሠልጣኝ ትቶላቸው የሄደው ሁሉ እየተተረተረ አለቀ። «ኳስ ካለቀ ቡድኑም አለቀ፣ ጋሼ» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ለማኝ አልነበረም። እውነቱን እየነገረችኝ ነበር።

እንዴት እንደተሠራች ሳላውቅ መርፌ አላነሳም ብዬ አንዷን ሙሉ በሙሉ ፈታኋት። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ቆዳዋ ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፤ ወገቡ የቀጠነ፣ ሁለት ጫፉ የሰፋ። ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ ተቃቅፈው ክብ ይሆናሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ስቆርጥ እንዲህ ያለ አቆራረጥ አላሰብኩም። ከቆዳው ሥር ቀጭን የጥጥ ክር፣ ከጥጡ ሥር የሱፍ ክር፣ ከሱፉ ሥር ጎማ፣ ከመሀል ደግሞ ቡሽ። የሱፉን ክር ጫፍ ሱቄ በር ላይ አሰርኩና ኳሷን እየተረተርኩ በመንገዱ ሄድኩ። ታክሲ መያዣውን አለፍኩ፣ ክሩ አላለቀም። የቤተ ክርስቲያኑን በር አለፍኩ፣ አላለቀም።

«ጋሽ ተሰማ፣ ምን እየለኩ ነው? ቦታ ሊወስዱ ነው?» አለኝ አንዱ ሊስትሮ።

«ዝም በል፣ ኳስ ነው!» አልኩት።

ይህ ሁሉ መንገድ በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ ተጠቅልሎ መቀመጡን ሳስብ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነው የነቃሁት።

የተተረተሩትን ሰፍቼ ሰጠኋት። ቀጥሎ ደግሞ አዲስ መሥራት ጀመርኩ። የሱፍ ክር ከየት ይምጣ? ከሰልባጅ ተራ አሮጌ ሹራብ እየገዛሁ እተረትር ነበር። ሁሉም ሱፍ ነኝ ይላል፤ ጫፉን በክብሪት አቃጥላለሁ። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ናይለን ነው፣ ወደዚያ! ቡሽ ከጠርሙስ ክዳን፣ ጎማ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ። ቆዳው የጥጃ።

ሳምራዊት ሱቄ እየመጣች የጨዋታውን ነገር ታስረዳኛለች። አንድ ቀን ምን አለችኝ፤ «ጋሼ፣ እዚህ አዲስ አበባ ኳስ ከብዙ አገር ይልቅ ሩቅ እንደምትሄድ ያውቃሉ?»

«ለምን? እኛ ጉልበተኞች ስለሆንን?»

«አይ፣ ከፍታ ላይ ስለሆንን። አየሩ ስስ ነው።»

«አየር ደግሞ ስስና ወፍራም አለው እንዴ? ሽሮ ነው?»

በዚያች ሰዓት አውሮፕላን በሱቄ ላይ እያጓራ አለፈ። ቆርቆሮው መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠበቀችና ወደ ላይ ጠቆመችኝ። «ይሄ አውሮፕላን ከቦሌ ለመነሳት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ይልቅ ብዙ መሮጥ አለበት። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉን ቶሎ አያነሳለትም።»

«እሺ፣ ያዝኩሽ!» አልኳት። «ስስ አየር አውሮፕላን ማንሳት ካቃተው፣ የእኔን ኳስ ምን አድርጎ ነው ሩቅ የሚወስዳት? ወይ አውሮፕላኑ ዋሽቷል፣ ወይ አንቺ ዋሽተሻል።»

«አውሮፕላኑ አየሩን ተደግፎ ነው የሚወጣ። ኳሷን ግን አየሩ ነው እየያዘ የሚያስቀራት። የሚይዛት ሲያንስ ትሄዳለች።»

«ተይ እባክሽ» ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። አላመንኳትም፤ ግን ነገሩን አልረሳሁትም።

ሳምራዊት ከምታሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ሀናን ትባላለች። አባቷ ገርጂ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጣቃ ጣቃ ጨርቅ ከመደርደሪያ እያወረደች፣ እየሰቀለች ያደገች ናት፤ ክንዷ ከዚያ የመጣ ነው። ሻሿን አጥብቃ በላዩ ኮፍያ ደፍታ ስትቆም፣ ወርዋሪዎቹ ኳሷን በእጃቸው ሲያሹ ሲያሹ ይቆያሉ፤ መልቀቅ ይፈራሉ። ቡድኑ ውስጥ አጥር ታሻግራለች ተብላ የምትጠበቀው እሷ ነበረች።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ኦሎምፒያ አካባቢ ከሚሠሩ የውጭ ሰዎችና ከአገር ልጆች የተሰባሰበ ሌላ ቡድን አለ። አለቃቸው ሬይናልዶ የሚባል ኩባዊ ነው፤ ሐበሻ አግብቶ እዚሁ የቀረ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። አማርኛው ይንገዳገዳል፤ ስድብ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። የእነሱም ኳስ አልቆ ነበር። ለሳምራዊት ያላት ይህን ነው፤ «ኳስ ካላችሁ እንጫወታለን። ከሌላችሁ እኔም ዱላዬን ሰቅዬ አርፋለሁ።» ስለዚህ በከተማው ያለው ጨዋታ ሁሉ የተንጠለጠለው በእኔ ስፌት ላይ ነበር። እኔም ኮራሁ። ከኮራሁ ደግሞ የምሠራው እንደ ጋሽ በላቸው ነው። ቆዳውን በጉንጬ ለካሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳብኩ፣ ስፌቱን እንደ ኮርቻ ወፍራም አደረግኩ። መጨረሻ ላይ ኳሶቹን ሁሉ እስኪጠግቡ ቅቤ አጠጣኋቸው።

ሜዳው ዳር በርጩማ ተሰጠኝ። ሀናን ገባች። ወርዋሪው ለቀቀ። ባለ በሌለ ኃይሏ መታቻት፤ መሀሏን ነው ያገኘቻት። እኔ አጥሩን ማየት ጀምሬ ነበር። ድምፁ ግን «ዱፍ» አለ፤ ጭቃ በጥፊ እንደተመታ። ኳሷ ከወርዋሪው ጭንቅላት ትንሽ ከፍ ብላ ሄዳ እንደ ደከመች ዶሮ ወረደች። በድጋሚ ተመታች፤ ያው ነው። ቀጥሎ ከመቺዋ ጀርባ ሆኖ ኳስ በጓንት የሚይዘው ልጅ ጓንቱን አሸተተ።

«ይሄ ኳስ ወጥ ይሸታል!» ብሎ ጮኸ።

ሬይናልዶ መጥቶ ኳሷን ጨመቃት። ጣቱ አብረቀረቀ። ጣቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ለሰው ሁሉ አሳየና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ ለቤዝቦል ነው ወይስ ለዶሮ ወጥ?»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። የእኛም ልጆች ሳቁ። ያልሳቀችው ሀናን ብቻ ናት። ሌላ ኳስ ቢሰጡም ያው ሆነ፤ አንዷ እንቁላል መሰለች፣ አንዷ አየር ላይ እያለች ስፌቷ ተፈትቶ ቆዳዋ እንደ ቆሰለ ወፍ ክንፍ ተንጠለጠለ። ጨዋታው ሳያልቅ ቀረ። ሬይናልዶ ጓንቱን እያጠፈ ሳምራዊትን «አንድ ጊዜ ደግሜ እመጣለሁ። ያን ቀንም እንዲህ ከሆነ ግን ይበቃናል» አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሀናን አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ እውነት ቅቤ ቀብተዋት ነው?»

«ቆዳ ቅቤ ይጠጣል። እንዲህ ነው የተማርኩት።»

«ኳስ ግን ጾመኛ ናታ!» አለችኝ። ያኔ እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ባለቤቴ አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «ለበዓል ያነጠርኩት ቅቤ የት እንደገባ አሁን ተገለጠልኝ! ሠላሳ ዓመት ስኖር የእኔን ጸጉር እንኳ እንዲህ ቀብተህ አታውቅም» አለች።

በማግስቱ የተበላሸችውን ኳስ ፈታሁ። ቅቤው ቆዳውን አልፎ ሱፉ ድረስ ገብቷል። ትንፋሼን ይዤ የጠቀለልኩት ክር እንደ ገንፎ ተለጣጥፏል። ሱፉ ሲመታ ተጨንቆ መልሶ መግፋት ነበረበት፤ በቅቤ ሰክሮ ተኝቷል። ጋሽ በላቸው ልክ ነበሩ፤ ለኮርቻ። ኮርቻ ሰው ሲቀመጥበት እሺ ማለት አለበት። ኳስ እሺ ካለች ሞታለች።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። ቆዳ ለመንከር ገንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ፣ መዳፌን ጠፍጣፋ አድርጌ ውኃውን ገፋሁት። ከበደኝ። መዳፌን አወጣሁና በአየሩ ላይ እንደዚያው ገፋሁ፤ ምንም አልያዘኝም። ደግሜ ውኃውን፣ ደግሜ አየሩን። ገንዳ ውስጥ ኳስ ብወረውር ክንድ አትርቅም። ውጭ ብወረውር መንገድ ትሻገራለች። እንግዲህ አየርም ይይዛል ማለት ነው፤ እጁ ቀጭን ሆኖ ነው እንጂ። የእኛ አገር አየር ደግሞ ከሌላውም የቀጠነ እጅ አለው። ሰማዩን አሻቅቤ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ለሳምራዊት ልክ ነሽ አላልኳትም። «ስለ አየሩ አስቤበታለሁ» አልኳት።

«እና?»

«አስቤበታለሁ አልኩሽ እኮ!»

አየሩ የሚይዛት ከሆነ፣ የእኔ ወፍራም ስፌት መያዣ ሰጥቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ስፌቱን አቀጠንኩ። ቆዳውን ከሥር በስለት ፋቅሁ። ሱፉን ቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ ፀሐይ አስመታሁ፤ እርጥበት የያዘ ሱፍም እንደ ቅቤው ያንቀላፋል። ስጠቀልል የክሩን ጥብቀት በጥርሴ እየነካሁ አረጋግጣለሁ። ክሩን በሰም ብቻ አሸሁት። ቆዳውን ግን እንደ ጋሽ በላቸው ጉንጬ ላይ ለጥፌ፣ የሕፃን መዳፍ ሲሆን ሰፋሁ። ገና ሳይደርቅ በሁለት ጣውላ መሀል አንከባለልኩት፤ ስፌቱ ተኛ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሰቅዬ ተውኩት። ቅቤ የለም። እጄ ወደ ቅቤው ዕቃ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ አስካለ ደብቃው ነበር።

ሲደርቁ አንዷን ከሱቄ ፊት ሲሚንቶው ላይ ለቀቅኋት። ጥርት ያለ ድምፅ አሰማችና ተመልሳ ወደ እጄ መጣች። ጎረቤቶቼ ምን ነካው ብለው ያዩኛል። ደግሜ ለቀቅኋት።

ሀናን አንድ ቀን ሱቄ መጥታ የምቷን ነገር አሳየችኝ። ኳሷን በቀኝ እጇ፣ ማስመሪያዬን በግራ እጇ ይዛ፤ «አባባ፣ መሀሏን ስመታት እንደ ጥይት ነው የምትሄድ፣ ቶሎም ትወድቃለች። ከሆዷ ትንሽ ዝቅ ብዬ ካገኘኋት ግን ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ነው የምትወጣ። ሽክርክሪቱ አየር ላይ ያቆያታል።»

«በጣም ዝቅ ብትዪስ?»

«ያኔ ቀጥ ብላ ወጥታ ራሴ ላይ ትወርዳለች።»

በዚያ ፍጥነት በምትመጣ ኳስ ላይ ያቺን የክር ስፋት ቦታ እንዴት ታገኛታለች? እኔ የቆመ ቆዳ ላይ ወስፌ ስሰካ እንኳ እስታለሁ።

ሁለተኛው ጨዋታ በጥር ወር፣ እሑድ ቀን ሆነ። እኩለ ቀን፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል፣ ከኤርፖርቱ በኩል ትንሽ ነፋስ ያለው ቀን ነበር። ሬይናልዶ ገና ሳይጀመር ኳሷን ተቀበለ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም አሸተተ። ሰው ሁሉ ሳቅ አፈነ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጾም ነው?»

«ጾም ነው!» አልኩት።

በአውራ ጣቱ ስፌቱን ዳሰሰ። ዞሮ ዞሮ ዳሰሰው። ለወርዋሪው ወረወረለት።

እኔ ጨዋታውን አላየሁም። የማየው ኳሷን ብቻ ነው። በተመታች ቁጥር አሁን ተፈታች፣ አሁን እንቁላል ሆነች እያልኩ ነው። በተያዘች ቁጥር የያዘውን ሰው ፊት አያለሁ። እነሱ እየመሩ ነበር፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን ግድ አልነበረኝም። ኳሷ እስከ መጨረሻው ከጸናች ጨዋታው ይቀጥላል፤ ካልጸናች ዛሬ ያበቃል።

ሀናን ገባች። ወርዋሪያቸው ረጅም ልጅ ነው፤ ክንዱ እንደ ወንጭፍ ነበር። የመጀመሪያውን ሳተች። ሁለተኛውንም ሳተች። ከኋላ አንዱ «ጣቃሽን ይዘሽ ግቢ!» ሲል ሰማሁ። ሦስተኛውን ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ለቀቀው።

ድምፁን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ደረቅ ወይራ በአንድ ምሳር ሲፈለጥ እንደሚለው ነው፤ አንዴ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። ኳሷ ወጣች። ሌላ ጊዜ የተመታ ኳስ ይወጣል፣ ይደክመዋል፣ ይወርዳል። ይቺ አልደከማትም። ይበቃታል ባልኩበት ቦታ ላይ ደግሞ ወጣች። ጭልፊት ነፋስ አግኝቶ ክንፉን ሳያራግብ እንደሚወጣው ነበር። አጥሩን ስታልፍ ገና እየሄደች ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለውን የታክሲ መንገድ አለፈች። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን አለፈች። ነጭ ነጥብ ሆነች፤ ከዚያ ኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ጠፋች።

ወርዋሪው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆመ። ሀናን ዱላዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ መሮጥ እንዳለባት ረስታለች።

«ሩጪ!» ብላ ሳምራዊት አምባረቀች። «ሩጪ እንጂ፣ ሀናን! ሳትዞሪ አይቆጠርም!»

ያኔ ሮጠች። እየሮጠችም ወደ ኋላዋ ወደ ሰማይ ታያለች። ቅድም «ጣቃሽን ይዘሽ ግቢ» ያላት ልጅ እንኳ እያጨበጨበላት ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ፣ እነሱ እንደመሩ አሸንፈው ነው ያለቀው፣ ሁላችንም ተያይዘን ኳሷን ፍለጋ ሄድን። የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ በእጁ ይዟት ቆሟል። «ከሰማይ ነው የመጣች! ያንን የውኃ ታንከር መትታ ነው እዚህ የወደቀች። የአውሮፕላን ዕቃ መስሎኝ ለኤርፖርት ልደውል ነበር» አለን።

ተቀብዬ ስፌቷን በጣቴ ዞርኳት። አንድም ክር ከቦታው አልተነሳም። ሬይናልዶ ከቆምንበት ወደ ሜዳው ዞሮ ተመለከተ። ሜዳው አይታይም፤ አጥሩ ራሱ በጣሪያዎቹ ተጋርዷል። ከዚያ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየ ተናገረ።

«እኔ ያደግኩት ኩባ፣ ባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ይሄ ምት አጥሩ ሥር ይወድቃል። አየሩ ይይዘዋል። ዛሬ ልጁ በኃይል ወረወረ፣ እሷ ከኳሷ ሆድ ዝቅ ብላ አገኘቻት፣ ፀሐዩ አየሩን አሞቀ፣ ነፋሱ ከኋላ መጣ፣ ኳሷም አልተኛችም። አንዱ ቢጎድል እዚህ አንቆምም ነበር።» ሽበቱን በእጁ ዳሰሰ። «በዚህ ሽበት እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ወደ ሳምራዊት ዞረ። «በሚቀጥለው ወር እኛ ሜዳ። ኳስ እናንተ ታመጣላችሁ። እንደዚች ያለ።»

ሳምራዊት ትከሻዬን ያዘችኝ።

ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት የሚይዝ ነገር ነው። ኮርቻ ሰውን ይይዛል፣ ቦት እግርን ይይዛል፣ ሻንጣ ዕቃን ይይዛል። የሚሄድ ነገር ሰፍቼ አላውቅም ነበር። እሷም የሄደችው በእኔ ስፌት ብቻ አይደለም። እኔ የለፋሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የቀረውን ልጅቷና ሰማዩ ሠሩት። እንዲህ ያሉ ነገሮች በአንዲት ቅጽበት ተገናኝተው፣ እኔም በዚያች ቅጽበት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለማየት መታደሌ ገረመኝ። እስከ ዛሬም ይገርመኛል።

ለአስካለ «ሱቁን ልዘጋ ነው። የኳሱን ስፌት ለእነ ሳምራዊት አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ በቃኝ» አልኳት። ጣቶቼን አየችና «ይበቃሃል» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰኞ፣ ተማሪዎች ሳይገቡ ገርጂ ደረስኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያውቀኛልና አስገባኝ። ዱላዎቹ ከተደገፉበት አንዱን አነሳሁ። ሜዳው መሀል ቆሜ የሠራኋትን ኳስ ወደ ላይ ወረወርኳትና ሰነዘርኩ። ሳትኩ። ደግሜ ሳትኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «አይዞዎት አባት!» ይለኛል። በሦስተኛው ነካኋት። እጄ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ኳሷ ከፊቴ ትንሽ ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ተንከባለለችና ቆመች።

ሄጄ አነሳኋትና ደገምኩ።